ከሠላሳ ስድስት በኋላ ያሉት

«መለኪያዎቹ ሞተዋል፤ ሰውዬው ግን አልሞቱም ብሎ ድርቅ ብሏል» አለች ልጄ። ስልኳን ከስኳር ጣሳው ጋር አስደግፋ፣ ድምፁን ከፍታ፣ ፀጉሯን እያሰረች ነበር። ከወዲያ በኩል የዳቦ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ፣ ድምፀ ቀጭን ሴት፣ «እርግጠኛ ነሽ?» አለቻት። «እርግጠኛ ነኝ። ፕሮግራሙን ሦስት ጊዜ ፈትሼዋለሁ።» «በቃ፣ ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለታችሁንም እጠራለሁ። እሱን እናሰናብተዋለን፤ ያንቺም የሙከራ ጊዜ እዚያው ያልቅና ቋሚ ትሆኛለሽ።» ልጄ የፀጉር ማሰሪያዋን በጥርሷ ይዛ ስለነበር «እሺ» ያለችው በአፍንጫዋ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ምድጃ ሲጠብቁ የኖሩ ሰው በአፍንጫ በወጣ እሺ ተሰናበቱ። እኔ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ውሃውን ዘጋሁት፣ መልሼ ከፈትኩት።

እኔ ለስጋት ምክንያት የማላጣ ሰው ነኝ። ልጄ ስልክ ስታነሳ ማን ደወለ እላለሁ፤ ሳታነሳ ምን ሆነች እላለሁ። ቋሚ ትሆኛለሽ የሚለውን ቃል ለአምስት ወር ስጠብቀው ኖሬ፣ ሲመጣ ደግሞ አዲስ የምሰጋበት ነገር አገኘሁ። «ሰውዬው» የምትላቸው ጋሽ ሙቀት ናቸው። እውነተኛ ስማቸውን ማንም አይጠራውም። የምድጃውን የሙቀት መለኪያ የሚገጥሙትም የሚጠግኑትም እሳቸው ስለሆኑ ጋጋሪዎቹ ያወጡላቸው ስም ነው። አንድ ቀን ልጄ መነጽሯን ረስታ ፋብሪካው ድረስ ወስጄላት ስሄድ ወንበር ፈልገው አመጡልኝ፣ በመሐረባቸው ጠረጉት፣ «ተቀመጪ እህቴ፣ ዱቄት ነው፣ አይነክስም» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በሰው ቤት ወንበር ላይ ስቀመጥ ትዝ ይሉኛል።

«ምን አጠፉ ሰውዬው?» አልኳት፣ ድምፄ ተራ ወሬ እንዲመስል እየሞከርኩ።

«እማ፣ ደጋግሜ ነግሬሻለሁ። ስክሪኑ የምድጃው መውጫ ቀዝቅዟል ይላል። ጋጋሪዎቹ ስክሪኑን አይተው እሳት ይጨምራሉ። ዳቦው ያራል። ስለዚህ ወይ የሱ መለኪያ ይዋሻል፣ ወይ የኔ ፕሮግራም። የኔ አይደለም።»

«እሳቸውስ ምን ይላሉ?»

«የኔም አይደለም ይላል።»

«ታዲያ ሁለታችሁም ካልሆናችሁ ዳቦው ራሱን አቃጠለ?»

ሳቀች፣ ግንባሬን ሳመችኝ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለች ስትወርድ እስከ መጨረሻው ድረስ አዳመጥኩ። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው የምንኖረው፣ ሁለት ክፍል ነው ቤታችን። አንዱ የመኝታ ነው፤ ሌላው ማብሰያም፣ መመገቢያም፣ የልጄ ቢሮም ነው። ጠረጴዛው ላይ ከትናንት የተረፉ ወረቀቶች ተዘርግተው ነበር፤ ስክሪኑ ያሳየውን ቁጥር ያተመችባቸው ናቸው። ከሥራቸው ደግሞ የጋሽ ሙቀት ወረቀት አለ። መለኪያዎቹን አንድ በአንድ ፈትተው፣ በሌላ መሣሪያ አረጋግጠው፣ የእያንዳንዱን ቁጥር በእጃቸው ጽፈው የሰጧት ነው። እሷ አላነበበችውም፤ እኔ አንብቤዋለሁ። ፊደላቸው ትልልቅ ነው፣ አይጣበቅም፣ አይሮጥም። በሕይወቴ ማንም ሳይረዳኝ ከዳር እስከ ዳር ያነበብኩት የመጀመሪያው የሰው ወረቀት እሱ ነው። መጨረሻው ላይ «ሁሉም ደህና ናቸው፤ እባክሽ ሳትቸኩይ እይው» ይላል።

ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ትምህርት አለኝ። የጎልማሶች ክፍል ነው፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ሥር፣ መስኮቱ የመንገደኛ ጫማ ብቻ የሚያሳይ ምድር ቤት። ለዚያ ቀን መምህራችን ከቤታችን ቁጥር ያለበት ወረቀት ይዘን እንድንመጣ፣ ቁጥሩን ደብተራችን ላይ እንድንገለብጥና ቆመን እንድናነብ አዘውን ነበር። ሌላው ሰው የመብራት ደረሰኝ ነው የሚያመጣው። እኔ ግን ልኩራ ብዬ የልጄን ወረቀት ሁለቱን፣ የማክሰኞውንና የሐሙሱን፣ አጠፍኩና ያዝኩ። የጋሽ ሙቀትንም ጨመርኩ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን መተው ከበደኝ።

ከጎኔ የሚቀመጠው አናጢ ነው። እጁ ትልቅ ስለሆነ እርሳሱ መርፌ ይመስላል። ወረቀቴን አየና «ይህ ሁሉ ቁጥር የምንድን ነው?» አለኝ። «የምድጃ ሙቀት ነው። ልጄ የሠራችው።» «ምድጃውን?» «ቁጥሩን።» «ቁጥር ደግሞ ይሠራል እንዴ?» አለና ወደ ደረሰኙ ተመለሰ። እኔ መገልበጥ ጀመርኩ። ሰው የማንበብ ልምድ ሲኖረው ዓይኑ እየዘለለ ይሄዳል ይባላል፤ የኔ ዓይን ገና መዝለል አልተማረም። የግራ ጣቴን ከቁጥሩ ሥር አስቀምጣለሁ፣ አንዱን አሃዝ አየዋለሁ፣ ጽፌው እመለሳለሁ። ቁጥሮቹ አርባ ስምንት ናቸው፤ የማክሰኞውን በግራ፣ የሐሙሱን በቀኝ አድርጌ ጎን ለጎን ጻፍኳቸው። አንደኛው መለኪያ ማክሰኞ ሁለት መቶ አሥራ ስምንት፣ ሐሙስ ሁለት መቶ ሃያ ሦስት። ሁለተኛው ማክሰኞ ሁለት መቶ ሃያ፣ ሐሙስ ሁለት መቶ አሥራ ዘጠኝ። እንዲህ እያለ ሁሉም ትንሽ ትንሽ ይለያያል። ሠላሳ ሰባተኛው ላይ ስደርስ ግራና ቀኙ አንድ ሆነ። ሠላሳ ስምንተኛውም እንዲሁ። እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም አሃዝ አልተለወጠም። አልደነቀኝም፤ ልጄ ሞተዋል ብላ የለ፣ የሞተ ነገር አይንቀሳቀስም።

ተራዬ ሲደርስ ቆሜ ማንበብ ጀመርኩ። ለዓይን የተለመደ ነገር ለጆሮ ሌላ ነው። «ሠላሳ ሰባተኛ፣ መቶ ሰማንያ ሁለት። ሠላሳ ስምንተኛ፣ መቶ ስልሳ አራት። ሠላሳ ዘጠነኛ፣ መቶ ሃምሳ አምስት…» ብዬ ቆምኩ። አፌ እነዚህን ቁጥሮች በዚህ ተርታ ከዚህ በፊት ብሏቸዋል። መቶ ሰማንያ ሁለት የምሳፈርበት አውቶብስ ነው። መቶ ስልሳ አራት የቤታችን በር ላይ ተጽፏል። መቶ ሃምሳ አምስት ክሊኒክ ሲለኩኝ የነገሩኝ ቁመቴ ነው።

«ምነው ቆሙ?» አሉ መምህሩ።

«እነዚህ የኔ ናቸው» አልኩ።

«ምናቸው?»

«ቁጥሮቹ። እኔ የጠራኋቸው ናቸው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። አናጢው «እንግዲህ ሌሎቻችን በምን እንቁጠር?» አለ። መምህሩም እየሳቁ ቁጥር የማንም የግል ንብረት እንዳልሆነ አስረዱኝ። እኔ ግን ደብተሬን ሰብስቤ ወጣሁ። ትምህርት አቋርጬ ስወጣ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአንድ ወር በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልጄ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተሯን ከፍታ እኔ ልብስ እተኩስ ነበር። ምን እንደምትሠራ ጠየቅኳት፤ ስጠይቃት ደስ ስለሚላት ነው እንጂ ይገባኛል ብዬ አልነበረም። «አየሽ እማ» አለችኝ፣ «ኮምፒውተር ውስጥ ሜሞሪ የሚባል ቁጥር ማስቀመጫ አለ። ሁለት ዓይነት አድርገሽ አስቢው። የኔ ፕሮግራም የሚሠራበት ሜሞሪ አስተዳዳሪ አለው። ድርድር እንላለን፣ በተርታ የተቀመጡ ቁጥሮች ማለት ነው። የትኛው ድርድር የት እንዳለ፣ ርዝመቱ ስንት እንደሆነ አስተዳዳሪው ያውቃል። የማልፈልገውንም እሱ ይጠርግልኛል። ምድጃው ግን የራሱ የድሮ ፕሮግራም አለው፤ ከመለኪያዎቹ የሚያነበውን አስተዳዳሪ የሌለው ሜሞሪ ላይ ይዘረግፈዋል። እዚያ ቆጣሪ የለም፣ ጠራጊ የለም። እኔ ከዚያ ወደኔ መገልበጥ አለብኝ። ከየት፣ ወዴት፣ ስንት ብዬ።» «ስንት እንደሆነ እዚያ አልተጻፈም?» «አልተጻፈም፤ እኔ ነኝ የምነግረው። ካበዛሁት የማይመለከተኝን አፍሼ እመጣለሁ፣ ፕሮግራሙም ሊወድቅ ይችላል። ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ።» «ካሳነስሽውስ?» አልኳት፤ እኔ ሁሌ ሌላውንም በኩል የምሰጋ ሰው ነኝ። «ካሳነስኩትማ ምንም አይሆንም። ያልተገለበጠበት ቦታ እንደነበረ ይቀመጣል» አለችኝና ሳቀች።

ያን ጊዜ ምድጃው መውጫ ላይ አሥራ ሁለት አዲስ መለኪያዎች ሊጨመሩ ነበር፤ ሠላሳ ስድስት የነበሩት አርባ ስምንት ሊሆኑ። አዲሶቹ ገና አልተገጠሙም፤ እሷ ግን ስክሪኑ ላይ ቀለማቸውን ማየት ስለፈለገች ለጊዜው የውሸት ቁጥር አስፈለጋት። «እማ፣ ከመቶ ሃምሳ በላይ የሆኑ አሥራ ሁለት ቁጥሮች ጥሪልኝ፤ ልምምድም ይሆንሻል» አለችኝ። ካውያውን አቁሜ፣ ትምህርት ቤት እንደቆምኩ ሆኜ፣ ጠራሁላት። መቶ ዘጠና ዘጠኝን ሁለት ጊዜ ብዬዋለሁ፣ በጣም ስለምወደው። ከዚያ በላይ አልሄድኩም፤ ክፍላችን ያን ጊዜ የደረሰው ሁለት መቶ ድረስ ብቻ ነበር። ምድጃው ደግሞ ሁለት መቶ ሃያ ነው የሚፈልገው። የኔን ቁጥር ያየ ጋጋሪ መውጫው ቀዘቀዘ ብሎ እሳት ቢጨምር ምን ይፈረድበታል? አዲሶቹ ከተገጠሙ ወዲህ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ የሰውን ሁሉ ዳቦ ያሳረርኩት እኔ ነኝ።

ልጄ ጋ ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ሥራ ላይ ስትሆን ትዘጋዋለች፣ ይህንንም ስንት ጊዜ ተጨቃጭቀንበታል። መቶ ሰማንያ ሁለትን ያዝኩ። ቲኬቱ የሁለት ዳቦ ዋጋ ነው፤ ሌላ ቀን ቢሆን ለአንድ ጉዞ ሁለት ዳቦ መክፈል አይሆንም ብዬ እስከ ግማሽ መንገድ በእግሬ እሄድ ነበር። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጬ አሰብኩ። ብናገር ልጄ ቋሚ መሆኗ ይቀራል፤ በሙከራ ላይ ያለች ልጅ፣ ያውም ጥፋቱን ሰው ላይ ስትደፈድፍ የተገኘች፣ ማን ያቆያታል? ዝም ብል ደግሞ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እኚያ ሰው መሣሪያቸውን ተሸክመው ይወጣሉ። አንዱ ማቆሚያ ላይ ልወርድ ተነሳሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከኋላዬ የነበሩት ሴትዮ «እመቤት፣ ወይ ውረጂ ወይ ተቀመጪ፤ ቦታውን ዓይኔ ላይ አታመላልሺው» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ፋብሪካው ስደርስ ሰባት ሰዓት ተኩል ሆኗል። በር ላይ ያለው ጥበቃ መነጽር አምጥቼ እንደነበር አስታውሶ አሳለፈኝ። ውስጡ ሞቃት ነው፣ ጫጫታም አለው። ምድጃው እንደ ረጅም ኮሪደር ነው፤ ሊጡ በአንድ በኩል በሰንሰለት ላይ ተጭኖ ይገባል፣ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ በሌላው በኩል ዳቦ ሆኖ ይወጣል። መውጫው አጠገብ ግድግዳው ላይ ትልቁ ስክሪን ተሰቅሏል፤ መግቢያው ቀይ ነው፣ መሐሉ ቀይ ነው፣ መጨረሻው ሰማያዊ። የኔ ቁጥሮች ሰማያዊ ሆነው ያበሩ ነበር። ከሥሩ ጋሽ ሙቀት በርጩማ ላይ ተቀምጠው መፍቻዎቻቸውን አንድ በአንድ በጨርቅ እየወለወሉ ሳጥን ውስጥ ይደረድራሉ።

«እህቴ! ዛሬም መነጽር ረሳች?»

«አልረሳችም። ደህና ነዎት ጋሼ?»

«እኔማ ደህና ነኝ፤ ሞቱ የተባሉት መለኪያዎቼ ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቀብር አለ ብለውኛል፣ ከነጠባቂያቸው።» አንዱን መፍቻ ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። «ክፉ ልጅ አይደለችም ልጅሽ። ችኩል ናት። ችኩል ሰው ዳቦ ጥሬ ያወጣል እንጂ አያሳርርም እል ነበር፤ ለካ ያሳርራል።»

ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነገር ግን ከእናቷ አፍ ከመስማታቸው በፊት እሷ ራሷ ማወቅ አለባት ብዬ ዋጥኩት። ወይም ፈራሁ፤ የትኛው እንደሆነ ዛሬም አልለየሁትም። «እመለሳለሁ ጋሼ» ብዬ ልጄ ወደምትሠራበት በመስታወት ወደተከለለች ጠባብ ክፍል ሄድኩ።

ስታየኝ ደንግጣ ተነሳች። «እማ! ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። መለኪያዎቹም አልሞቱም።»

ደብተሬን ኮምፒውተሯ ላይ ዘረጋሁት። ጣቴን አስቀምጬ፣ ክፍል ውስጥ እንዳነበብኩት፣ ከሠላሳ ሰባተኛው ጀምሬ አነበብኩላት። አውቶብሱን፣ በሩን፣ ቁመቴን። መቶ ዘጠና ዘጠኝ ለሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ልጄ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ቁጭ አለችና የፕሮግራሟን ጽሑፍ ወደ ላይ፣ ወደ ታች አሯሯጠችው፤ አንድ መስመር ላይ ቆመች። ፊደሉ የባዕድ ነው፣ አላውቀውም። ቁጥሩን ግን አነበብኩት፤ ሠላሳ ስድስት ይላል።

«ይሄ ነው የመገልበጫው መስመር» አለች ቀስ ብላ። «እንዳላበዛ ፈርቼ ቁጥሩን በእጄ ጻፍኩት። ከዚያ አዲሶቹ መጡ፣ የኔን ድርድር ወደ አርባ ስምንት አሰፋሁ። ይሄን ረሳሁት። በየሰከንዱ ሠላሳ ስድስቱን ብቻ እያመጣሁ… ከዚያ በኋላ ያሉትን የሚነካቸው የለም። ያንቺው እዚያው ተቀመጡ። ቁጥሩ አልነቃነቅ ሲል መለኪያው ሞተ አልኩ። ስፈትሽ ደግሞ ሦስቱንም ጊዜ እንዳላበዛሁ ብቻ ነው ያየሁት።»

ሠላሳ ስድስቱን አጥፍታ አርባ ስምንት ጻፈች። ደቂቃ አልፈጀም። ግድግዳው ላይ ያለው ሳይነካ፣ የሷ ትንሽ ስክሪን ላይ ብቻ፣ ሰማያዊው ተነሥቶ ጠፋና በቦታው ቀይ መጣ፤ ሁለት መቶ አርባ ስድስት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ አንድ። የጋሽ ሙቀትን ወረቀት ከደብተሬ መሐል አወጣሁና አጠገቡ አኖርኩት። የሳቸው ቁጥር ከዚያ በሁለትና በሦስት ብቻ ነው የሚለየው።

ፊቷ አመድ መሰለ። ያኔ፣ ትምህርቴን አቋርጬ፣ ሁለት ዳቦ ከፍዬ ለእውነት የመጣሁት ሴትዮ፣ የልጄን ፊት አይቼ ሌላ ሰው ሆንኩ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ «ቀስ ብለሽ ብታስገቢውስ?» አልኳት። «መለኪያዎቹ ነቁ ብትያቸው? ከዳኑ እሳቸውን ምን ብለው ያሰናብቷቸዋል? አንቺም ትቀሪያለሽ፣ እሳቸውም ይቀራሉ።» ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። ትንሽ ልጅ ሳለች የሰው እስክሪብቶ ይዛ ስትመጣ እንዴት አድርጌ እንደማያት አውቃለሁ፤ እንደዚያ ነው ያየችኝ። ወዲያው ፊቷን ወደ ስክሪኑ መለሰች። ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አብረን ተቀመጥን፣ እሷ ስክሪኑን፣ እኔ እጄን እያየሁ። አንድ ጊዜ «ምሳ በልተሻል?» አልኳት፤ «አልራበኝም» አለችኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጇ ልጄንና ጋሽ ሙቀትን ጠራቻቸው። ቢሮዋ ከምድጃው በላይ ነው፣ በብረት ደረጃ ይወጣል። እኔ ከበሩ ውጭ እንድቆይ ተነገረኝ፤ በሩ ግን በሙቀቱ ምክንያት ክፍት ነበር። ጋሽ ሙቀት ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሥራ አስኪያጇ «በይ አስረጂን» አለች። ልጄ «መለኪያዎቹ…» ብላ ጀመረችና ቆመች። ነቅተዋል ልትል ነው ብዬ ፈራሁ፤ አይ፣ ሁሉንም ተናግራ ልትባረር ነው ብዬ ደግሞ ፈራሁ። እግሬ ከኔ ጋር ሳይመካከር አስገባኝ።

«ቁጥሮቹን የጠራሁት እኔ ነኝ!» አልኩ።

ሥራ አስኪያጇ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እርስዎ ማን ነዎት?»

«እናቷ ነኝ።»

«የት ክፍል ነው የሚሠሩት?»

«ቤት ነው የምሠራው።»

«እማ፣ ተይ» አለች ልጄ። ድምፅዋ አልተቆጣም፤ ደክሞት ነበር። ከዚያ ወደ ጋሽ ሙቀት ዞረች እንጂ ወደ አለቃዋ አልዞረችም። «መለኪያዎቹ ደህና ናቸው። ከተገጠሙ ጀምሮ ደህና ነበሩ። የኔ ፕሮግራም ሠላሳ ስድስቱን ብቻ ነው ሲገለብጥ የነበረው። ከዚያ በኋላ ያሉት ለሙከራ ከእናቴ አፍ የወሰድኳቸው የውሸት ቁጥሮች ናቸው። የጠራችው እሷ ናት፣ ትቼ የረሳሁት ግን እኔ ነኝ። የሰጡኝን ወረቀት ባነብ ኖሮ በማግሥቱ ይገኝ ነበር። አላነበብኩትም።»

የምድጃው ሰንሰለት ከሥራችን ይንቋቋ ነበር። ሥራ አስኪያጇ አንዴ ልጄን፣ አንዴ እኔን፣ አንዴ የተሰናዳውን የስንብት ደብዳቤ አየች። ደብዳቤውን ገለበጠችውና «ጋሼ፣ ምን ይላሉ?» አለች።

«ሦስት ሳምንት» አሉ ጋሽ ሙቀት። «ሦስት ሳምንት ሙሉ እነዚያ ጋጋሪ ልጆች ሙቀት ቀዘቀዘ እያሉ ሳቁብኝ።»

«የሷን ነገር ለእርስዎ እተወዋለሁ። አብራችሁ ነው የምትሠሩት፤ አልፈልጋትም ካሉ ዛሬ ታበቃለች።»

ተነሡ፣ ቆባቸውን አጠለቁ። ይቅር ይሏታል ብዬ ጠበቅኩ፤ ፊታቸው ግን አልፈታም። «እዚህ የነገረችንን እዚያ ታች፣ ምድጃው ፊት ትንገር። አሥር ሰዓት ላይ፣ ሁለቱ ፈረቃ ሲገናኝ። ከዚያ በኋላ ቁርጡን እነግራችኋለሁ።» ደረጃውን ቀስ ብለው ወረዱ።

ልጄ አርባ ስምንቱን ትልቁ ስክሪን ላይ አስገባች። ጋጋሪዎቹ መውጫው ሲቀላ አይተው ተንጫጩ፣ እሳቱንም ቀነሱ። ከዚያ አንዱን ሰዓት ሙሉ ከመስታወቱ ጀርባ ቆማ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስትለማመድ አየኋት። «ወደ ቤት ሂጂ እማ» አለችኝ። «አልሄድም» አልኳት። «እንዳትናገሪ ታዲያ።» «አልናገርም።» ሁለት እጄን ኪሴ ከተትኩ፤ አፍ ኪስ ውስጥ አይገባም እንጂ እሱንም እጨምረው ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ደወሉ ተደወለ። ሰንሰለቱ ባዶውን ዞሮ ቆመ፣ ማራገቢያዎቹም ዝም አሉ። እንዲህ ያለ ፀጥታ እዚያ ቤት ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር። የሚወጡትም የሚገቡትም ጋጋሪዎች፣ አርባ ያህል ሰው፣ ሽፋሽፍታቸው ላይ ዱቄት እንዳለ ተሰበሰቡ። ጋሽ ሙቀት ባዶ ሳጥን በእግራቸው ገፉላት። ልጄ ወጣችበት። «ስክሪኑ ሲዋሽ የነበረው በኔ ጥፋት ነው» አለች።

«አልሰማንም!» አለች ከኋላ አንዲት ሴት። «ድምፅሽም እንደ ዳቦው አረረ እንዴ?»

ሁሉም ሳቀ። ልጄ አንገቷ ድረስ ቀላች። ቀና አለችና፣ በዚያች ደቃቃ ደረት እንዲህ ያለ ድምፅ መኖሩን ሳላውቅ ያሳደግኳት ልጅ፣ እስከ መጋዘኑ በር ድረስ በሚሰማ ድምፅ መልሳ ተናገረች። «ስክሪኑ ሲዋሽ የነበረው በኔ ጥፋት ነው። የጋሽ ሙቀት መለኪያዎች አንድም ቀን አልተሳሳቱም። ሞተዋል ያልኩት እኔ ነኝ። ራሴን ሳልጠረጥር፣ ወረቀታቸውን ሳላነብ ነው ያልኩት። ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። እናንተንም።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ወደ ጋሽ ሙቀት ዞረ። እሳቸው አልቸኮሉም፤ ዝምታው እስኪበቃቸው ጠበቁ፤ ሦስት ሳምንት የጠበቁት ነው።

«ሰማችሁ?» አሉ።

«ሰማን!»

«ከእንግዲህ ሙቀት ቀዘቀዘ የሚል ሰው እጁን ምድጃው ውስጥ ከትቶ ያረጋግጥ።» ሳቁ ጣራውን ነካው፤ ያቺ ከኋላ የጮኸችው ሴት ከሁሉም በላይ ሳቀች። ደወሉ እንደገና ተደወለ፣ ማራገቢያዎቹ ተነሡ፣ ሰዉ ወደየቦታው ተበተነ። ልጄ ሳጥኑ ላይ እንደቆመች ቀረች፤ መውረድ የተፈቀደላት አልመሰላትም።

«ውረጂ» አሏት ጋሽ ሙቀት። «ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እዚህ ድረሺ። መለኪያዎቹን ከመግቢያው ጀምረን አብረን እናያቸዋለን። ስንት ናቸው?»

«አርባ ስምንት፣ ጋሼ።»

«በአፍ አይደለም» አሉ፣ መፍቻቸውን ከሳጥኑ መልሰው እያወጡ። «መጥተሽ ትቆጥሪያቸዋለሽ።»